የማጠፊያው ቅባት

ልጄ ኖልቪያ ሽቶ ትሸጣለች፤
ቫልፓራይሶ ታች፣ ከወደቡ ዳር፣ መስታወት በመስታወት ቤት ውስጥ ትቆማለች፣
ፈገግታዋ ሳይፈታ፣ እግሯ እስኪያብጥ ድረስ።
የኮረብታው አሳንሰር ከአራት ሰዓት በኋላ አይሠራም፣ ማታ ስትመለስ፤
ደረጃውን በእግሯ ነው፣ መቶ ስልሳ ሁለት፣
ጉልበቴ ቆጥሮታል፣ ሳልጠይቀው በፊት።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ኪሷን ስታራግፈው
ዝርግፍ ይላል ናሙናው፣ ገዢ ሁሉ የናቀው፦
አውራ ጣት የማይሞላ የክሬም ከረጢት፣
ሦስት ጠብታ ሽቶ፣ ግማሽ ጉርሻ ቅባት፣
ደግሞ የፊት ቀለም፣ «የዝሆን ጥርስ» የሚሉት፣
እኛ ኮረብታ ላይ ማንም የማይመስለው፣ የሩቅ ሰው ንጣት።

«እማዬ፣ ተቀቢው» ትለኛለች፣ ጫማዋን ሳትፈታ።
ሰባ ዓመት ሙሉ ጨውና ነፋስ የቀባውን ፊት፣ በአንዲት ጠብታ!

መጣልም አልችልም።
አባቴ ያሳደገኝ ከመርከብ የተጣለ ገመድ እየለቀመ፣ መልሶ እየገመደ ነው፤
በቤታችን «ትርፍ» የሚባል ቃል የለም፣
«ገና» ነው የምንለው።

መጀመሪያ ዚፑ፦ የጎረቤቴ የዶን ኤውሎሂዮ ካፖርት፣
ከሰኔ ጀምሮ ደረቱ ላይ ነክሶ አልላቀቅ ያለበት።
የከንፈር ማለስለሻ ቀባሁት፣ ጥርስ በጥርስ፤
ሽር አለ እስከ ጉሮሮው።
«ታድሎ ይህ ዚፕ!» አለኝ፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ፊቱ ፍም እስኪመስል ድረስ።

ከዚያ የጥፍር ቀለም። የሉድጋርዳ ዓይን ቅርጽ አይለይም፣
ቀለም ግን አልከዳትም።
ቁልፎቿን ቀባሁላት፦ ቀይ ለውጪው በር፣
ሐምራዊ ለጓዳ፣
ወርቃማ ለባሏ ሣጥን፤ ከሞተ ወዲህ አልከፈተችው ነበር።
አሁንም አልከፈተችው። ቁልፉን ግን ታውቀዋለች።

ሻምፖው ለካፒታን፣ ለደረጃው ውሻ፣ ባለቤት ለሌለው፤
ሦስት ቀን ለውዝ ለውዝ ሸተተ፣
ሦስት ቀን ጓደኞቹ ጮኹበት፣ እንግዳ መስሏቸው።

ያ የዝሆን ጥርስ ግን ሁለት ክረምት ተቀመጠ።
አንድ እሑድ፣ ከደረጃው መታጠፊያ፣ የልጆች ኳስ አመለጠ፤
የጄሶዋን ማርያም ጉንጭ ሸረፈው።
ትንሹ ባውቲስታ በሬን አንኳኳ፣ እያለቀሰ፣
ስባሪውን በመዳፉ ይዞ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ።
በዱቄትና በሙጫ ደፈንኩት። ቀለሙን ከፈትኩ፣ በጣቴ ጫፍ ቀባኋት፤
ልክክ አለ።
ለካ ስንፈልገው ያጣነው ያ የሩቅ ሰው ፊት
እዚሁ ከደጃችን፣ ዝናብ ላይ ቆሞ ኖሯል።

የቀረው አንድ ነበር። «ዕድሜ መላሽ፣ የሌሊት» ይላል ላዩ።
«ይሄን እንኳ ለራስሽ» ብላኛለች ኖልቪያ፣ «የወር ደመወዜን ያወጣል ሙሉው።»
እኔ ግን በሬን አየሁት፦ ሃምሳ ዓመት ሲከፈት የሚያቃስት፣
ዝገቱ እንደ እንባ የሚወርድበት።
ላይኛውም ታችኛውም ማጠፊያ ላይ ጨመቅሁት።
ወጣት ሆነ በሩ! ነካ ሳደርገው
እንደ ዓሣ ሄደ፣ ድምፅ የለው።

በዚያ ሌሊት ጠበቅሁ። ሰባት ሰዓት። ስምንት።
የሚያቃስት የለም። ተነሣሁ፣ በባዶ እግሬ፣
ልቤ መቶ ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ወርዶ ሲወጣ።
ኮቷ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ተኝታለች። መቼ ገባች?
ያ ማቃሰት ነበር ለካ «መጣሁ» የምትለኝ፤
እኔም በጨለማ «እሺ» ብዬ ዞር ስል፣
እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አሁን ሌሊት ሌሊት መስኮቱን እከፍታለሁ፣
የወደቡ ጨው ይግባ ብዬ።
ጠዋት በሩን በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ፣
ጆሮዬን ማጠፊያው ላይ አስጠግቼ።
ገና ነው።